የፋጉሎ ሻጋታ መርዝ ወተት ውስጥ እንዳይገባ እንዴት መከላከል ይቻላል?

ሱሉልታ ላይ በሦስት ላም ስጀምር፣ የወተት ንጽሕና ማለት ለእኔ ግቱን ማጠብና እጅን መታጠብ ነበር። አንድ ክረምት ዐሥር ኩንታል የኑግ ፋጉሎ (ዘይቱ ተጨምቆ የሚቀረውን መኖ) በርካሽ አግኝቼ ገዛሁ። መሬት ላይ፣ ግድግዳ አስደግፌ ደረደርኩት። ነሐሴ ላይ የታችኞቹን ጆንያዎች ስከፍት አረንጓዴ ሻጋታ ወርሷቸዋል። ፀሐይ ስትወጣ አሰጣሁት፣ ሽታው ጠፋ፣ ለላሞቹ ሰጠሁ። መብላት ቀነሱ፣ ወተቱም ቀነሰ። እስካሁን የሚቆጨኝ ግን ልጆቼ ያንን ወተት መጠጣታቸው ነው።

ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመርታል። ፀሐይ ሻጋታውን ቢያደርቀውም መርዙ ፋጉሎው ውስጥ ይቀራል። ላሟ ስትበላው በአንድ ቀን ውስጥ በሌላ መልኩ ወተቷ ውስጥ ይገባል። ማፍላት አያጠፋውም። አይብ ሲወጣ ደግሞ ይበልጡን አይቡ ውስጥ ይጠራቀማል። ይህ መርዝ ጉበትን ይጎዳል፣ ካንሰርም ያመጣል።

አዲስ አበባ ካምፓስ ያለው ዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም (ኢልሪ) ተመራማሪዎች የተሳተፉበት፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት በአዲስ አበባና አካባቢዋ 110 የወተት ናሙናዎችን መርምሯል። ሁሉም ውስጥ መርዙ ተገኝቷል። ከሩብ በላይ የሚሆኑት በኪሎ ከ0.5 ማይክሮግራም ያልፋሉ። ይህ ወሰን ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ የሚያወጣው የኮዴክስ ነው፤ ኮዴክስን የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) እና የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1963 አቋቋሙት። የአውሮፓ ኅብረት ወሰን 0.05 ነው፣ ዐሥር እጥፍ ጠበቅ ያለ። ጥናቱ ዋነኛ መንስኤ ያደረገውም የኑግ ፋጉሎን ነው።

ግዢው ላይ ብዙ አልልም። ጆንያውን አስፈትታችሁ፣ ከመሐል አውጥታችሁ ሰባብራችሁ አሽትቱ። የምድር ቤት ሽታ ካለው ወይም የተጋገረ ጓል ካያችሁ ተዉት። በክረምት የሚረክስ ፋጉሎ ብዙ ጊዜ ምክንያት አለው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እርጥበቱ ላይ ነው። ከዘይት መጭመቂያ ትኩሱን ጆንያ ውስጥ ከተከተተ ያልበዋል፣ ከውስጥ ይሻግታል፣ ከውጭ ደግሞ ምንም አይታይም። ስለዚህ ሸራ ላይ ዘርጉት፣ ሙሉ በሙሉ እስኪበርድ ጠብቁ። በቆሎም የምትመግቡ ከሆነ የጨው ምርመራ አለ። የደረቀ የብርጭቆ ጠርሙስ ሲሶውን በቆሎ ሙሉ፣ ሁለት ሦስት የሾርባ ማንኪያ ደረቅ ጨው ጨምሩ፣ ክዳኑን ገጥማችሁ ለአንድ ደቂቃ ነቅንቁ። 15 ደቂቃ አስቀምጡት። ጨው ብርጭቆው ላይ ከተጣበቀ እርጥበቱ ከ15 በመቶ በላይ ነው፣ ገና ይሰጣ። የእርጥበት መለኪያ ማሽን ከመከራየት በፊት ይህን ሞክሩ፤ እኔ በጣም እወደዋለሁ።

አየር የማያስገባው ፒክስ ከረጢትም ለእህል ግሩም ነው። የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ካሜሩን ውስጥ ከአርሶ አደሮች ጋር ያወጡት ነው። ግን እርጥብ በቆሎ ከከተታችሁበት አያድንም።

አቀማመጡ ቀላል ነው። ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ያለ የእንጨት ርብራብ ሥሩ፣ ከግድግዳው አንድ ክንድ አርቁ፣ ጣሪያው አያፍስስ። አዲሱን ከኋላ፣ የቆየውን ከፊት። ከወር በላይ የሚበቃ መኖ በክረምት አትግዙ፣ ዋጋው ቢማርካችሁም።

የሻገተ ካገኛችሁ ጆንያውን በሙሉ አውጡ። የተበላሸውን ብቻ ቆርሶ መጣል አይበቃም፤ መርዙ ዓይን በማያየው ቦታም አለ። ለዶሮ አትስጡ፣ ዶሮ ከላም ይልቅ ለዚህ መርዝ ስስ ነው። ከጥሩው ጋር ቀላቅሎ «ማሳሳት»ም መርዙን ወደ ጤነኛው መኖ ማስገባት ነው። ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ቅበሩት። መርዙን ይይዛል ተብሎ የሚሸጥ የሸክላ ዱቄት ሊያግዝ ይችላል፣ ሻጋታውን ግን አያስተካክለውም።

ላሞቹ ከበሉት ደግሞ መኖውን ወዲያው ቀይሩ። ወተቱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይጠራል። እስከዚያ ድረስ ልጅ አይጠጣው፣ ለገበያም አታውጡት፣ እርጎና አይብም አታድርጉት።