ባቡር ከማዘዝ በፊት፦ ከአያት ጫፍ የሚታዩ ስህተቶች

የከተማ ባቡር እንደ ሚኒባስ ዛሬ ታይቶ ነገ የሚነዳ ዕቃ አይደለም። ከጨረታው ማስታወቂያ እስከ መጀመሪያው ተሳፋሪ ድረስ ብዙውን ጊዜ ዓመታት ይፈጃል፤ ሐዲድ ላይ ከዋለ በኋላ ደግሞ 30 ዓመት ያህል እንዲያገለግል ይጠበቃል። በጨረታ ሰነዱ ውስጥ በአንዲት መስመር የገባች ስህተት ሰነዱን ያዘጋጀው ባለሙያ ጡረታ ከወጣ በኋላም ስታስከፍል ትኖራለች ማለት ነው።

እኔ የምኖረው አያት፣ የምሥራቅ ምዕራቡ መስመር በሚያልቅበት ሠፈር ነው። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. አገልግሎት ሲጀምር 41 ባለሦስት ክፍል ባቡሮች ተመድበውለት ነበር፤ ማደሪያቸውም እዚህ አያትና በሌላው ጫፍ ቃሊቲ ባሉት ዲፖዎች ነው። መሃል ከተማ ያለ ሰው የሚያየው የሚመጣውንና የሚሄደውን ባቡር ብቻ ነው። ጫፍ ላይ የሚኖር ግን የቆመውንም ያያል፤ ከዚህ በታች ያሉትን ስህተቶች አንድ በአንድ እንዳነሣ ያደረገኝም ይኸው ነው።

ካታሎግን ከመስመሩ ማስቀደም

ነገሩ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከጉብኝት ነው። ልዑክ ወደ ሌላ አገር ይሄዳል፣ መስኮቱ ሰፊ ወለሉ ዝቅ ያለ ባቡር ተሳፍሮ ይመለሳል፣ ከዚያም «እንዲያ ያለ ይምጣልን» ይባላል። መቅደም የነበረበት የራስን መስመር በሚሊ ሜትር መለካት ነው፦ የሐዲዱን ስፋት፣ የጠባቡን ኩርባ ራዲየስ፣ ተሳፋሪ የሚቆምበትን የጣቢያ መድረክ ቁመትና ከሐዲዱ ያለውን ርቀት፣ ድልድዩ የሚችለውን ክብደት፣ የሽቦውን ቮልቴጅ። በአዲስ አበባ የሐዲዱ ስፋት 1,435 ሚሊ ሜትር፣ ኤሌክትሪኩም 750 ቮልት ቀጥተኛ ጅረት ነው፤ እነዚህን ሁለቱን ማንም አይስታቸውም። የሚሳቱት ትንንሾቹ ናቸው።

በፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2014 ይፋ እንደሆነው፣ አዲስ የታዘዙት የክልል ባቡሮች ለብዙ መድረኮች ሰፍተው ተገኙና 1,300 ያህል መድረኮችን መጥረብ ግድ ሆነ። ምክንያቱ ቀላል ነበር፤ ለአምራቾቹ የተሰጠው ልኬት የአዳዲሶቹን መድረኮች እንጂ የአሮጌዎቹን አልያዘም። በስፔን ደግሞ ለአስቱሪያስና ለካንታብሪያ እ.ኤ.አ. በ2020 የታዘዙት 31 ባቡሮች በአንዳንድ የቆዩ ዋሻዎች እንደማያልፉ ገና ዲዛይን ላይ ሳሉ ተደረሰበት፤ ብረቱ ሳይቆረጥ መታወቁ ብዙ ገንዘብ አድኗል፣ ጉዳዩ እ.ኤ.አ. በ2023 አደባባይ ሲወጣ ግን ከፍተኛ ባለሥልጣናት ሥራቸውን ለቀዋል። የሁለቱም አገሮች መሐንዲሶች መለካት የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። የተሳሳቱት መዝገብ ቤት ያለውን ወረቀት አምነው ሜዳ ላይ ሜትር ይዘው ባለመውረዳቸው ነው።

ቁጥሩን በምኞት ፍጥነት ማስላት

«ስንት ባቡር ያስፈልገናል?» ለሚለው ጥያቄ ስሌቱ ከባድ አይደለም። ለምሳሌ 17 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው መስመር ላይ፣ ጣቢያ ላይ የሚቆመው ጊዜ ጨምሮ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ባቡር ጫፍ ለጫፍ 51 ደቂቃ ይፈጅበታል። ደርሶ መልሱ 102 ደቂቃ ነው፤ በሁለቱ ጫፎች ለመዞሪያና ለሾፌር ቅያሬ 7፣ 7 ደቂቃ ሲታከልበት 116 ይሆናል። በየ6 ደቂቃው አንድ ባቡር ይምጣ ከተባለ 20 ባቡሮች ሐዲድ ላይ መሆን አለባቸው፤ ለጥገናና ለድንገተኛ ብልሽት 15 በመቶ ሲጨመር 23 ይሆናሉ።

አሁን ፍጥነቱን ወደ 15 ኪሎ ሜትር እናውርደው፤ መገናኛ ዓይነት ቦታ ላይ በሥራ መግቢያ ሰዓት በር መዝጋት እንዴት እንደሚያታግል ያየ ሰው ይህ ይገርመዋል ብዬ አላስብም። ደርሶ መልሱ ከነመዞሪያው 150 ደቂቃ ይሆናል፣ ሐዲድ ላይ የሚፈለጉት ባቡሮች 25፣ ከመጠባበቂያው ጋር 29። በሰዓት የ5 ኪሎ ሜትር ልዩነት ስድስት ባቡር በላ። ሁለት መስመሮች አንድ ሐዲድ የሚጋሩ ከሆነ፣ እንደኛ ከስታዲየም እስከ ልደታ ባለው ክፍል፣ እያንዳንዱ መስመር በየ6 ደቂቃው ሲያሰማራ በጋራው ሐዲድ ላይ በየ3 ደቂቃው አንድ ባቡር ያልፋል፤ አንዱ ሲዘገይ ሁለቱም መስመሮች ይዘገያሉ።

አብዝቶ ማዘዝም ስህተት ነው፣ ይሁን እንጂ ሁልጊዜ ጥፋት አይሆንም። ኤዲንብራ 27 ትራሞች አዛ መስመሩ በመሃል ስላጠረ እ.ኤ.አ. በ2014 ሥራ ስትጀምር ከሚያስፈልጋት በላይ ይዛ ቀረች። መስመሩ እ.ኤ.አ. በ2023 ሲረዝም ግን አዲስ መግዛት አላስፈለጋትም።

የተሳፋሪውን ቁጥር ሳይመረምሩ መቀበል

አምራቾች «ይህን ያህል ሰው ይይዛል» ሲሉ በአንድ ካሬ ሜትር ስንት ሰው እንደሚቆም አስበው እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። 60 መቀመጫና 32 ካሬ ሜትር መቆሚያ ያለው ባቡር በካሬ 4 ሰው ሲታሰብ 188፣ በ6 ሲታሰብ 252፣ በ8 ሲታሰብ 316 ይይዛል። ባቡሩ ያው ነው፤ የተለወጠው የቆመው ሰው መጠጋጋት ነው። ሁለት ተጫራቾችን በተለያየ ስሌት ማወዳደር ጤፍን በጣሳና በኪሎ እየሸጡ ዋጋ እንደማነጻጸር ይቆጠራል።

ከቁጥሩ በላይ ደግሞ በሩን እዩ። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከየካ አባዶና ከጣፎ በሚኒባስ የመጣው ሰው አያት ጣቢያ ተሰልፎ ይጠብቃል። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የገቡት መውረጃቸው እንዳያልፋቸው እዚያው መግቢያው ላይ ይቆማሉ፤ ነጠላዋን ወገቧ ላይ የታጠቀች፣ ጎመን በማዳበሪያ የያዘች ሴት ማዳበሪያውን በሩ ሥር ታኖረዋለች፤ ወደ ውስጥ በወንበሮቹ መካከል ያለው መተላለፊያ ግን ገና ባዶ ነው። ዕቃ ይዞ ለሚሳፈር ሕዝብ ባቡር ሲታዘዝ የበሩ ስፋት፣ በበሩ ፊት ያለው ክፍት ቦታና የመያዣ ዘንጎቹ አቀማመጥ ከወንበሩ ጨርቅ ቀለም በፊት በሰነዱ ላይ መስፈር አለባቸው።

ከፍታውን፣ ዳገቱንና ክረምቱን መዘንጋት

ይህ ለእኛ ከተማ ልዩ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ላየው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትርና ከዚያም በላይ ላይ ትገኛለች፤ በዚህ ከፍታ አየሩ ባሕር ዳር ካለው በአንድ አራተኛ ገደማ የሳሳ ነው። በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር፣ ጣሪያ ላይ ያለ የፍሬን ሬዚስተርና ኢንቨርተር ቆላ ላይ የሚያወጡትን ሙቀት እዚህ ያንኑ ያህል አያወጡም። የሳሳ አየር ኤሌክትሪክንም በቀላሉ ስለሚያዘልል ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፉ ብረቶች መካከል የሚተወው ክፍተት መስፋት ይኖርበታል። የአውሮፓው የባቡር መሣሪያዎች መለኪያ እንደ መደበኛ የሚወስደው ከፍታ 1,400 ሜትር ድረስ ያለውን ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው በገዢውና በሻጩ መካከል በተለይ ሊጻፍ ይገባል። ገዢው ዝም ካለ ሻጩ ለቆላ የሠራውን ያመጣል፣ ውልም አላፈረሰም።

ዳገቱ ሌላው ነው። ከምኒልክ አደባባይ እስከ ቃሊቲ ያለው መስመር ከ200 ሜትር በላይ ይወርዳል። በየ100 ሜትሩ 5 ሜትር በሚወጣ ዳገት ላይ 60 ቶን የሚመዝን ሙሉ ባቡርን 3 ቶን የሚያህል ኃይል ወደ ኋላ ይጎትተዋል። ስለዚህ ሰነዱ የሚጠይቀው ጤነኛ ባቡር ዳገቱን መውጣቱን ብቻ ከሆነ ጎደሎ ነው። ከሁለቱ ባለሞተር እግሮች (ጎማዎቹን ከሥር ከያዙት ክፍሎች) አንዱ ቢቃጠል የቀረው ሙሉ ተሳፋሪ ይዞ ይወጣል ወይ? ባዶ ባቡርስ የተበላሸ ጓደኛውን ገፍቶ ማውጣት ይችላል ወይ? እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች በፋብሪካ ወረቀት ሳይሆን በራሱ መስመር ላይ፣ ከባዱ ዳገት ላይ፣ በአሸዋ ከረጢት ተጭኖ የሚፈተኑ መሆን አለባቸው። ፈተናውም ቢቻል ሐምሌ ላይ ይሁን፤ በረዶ ከጣለ በኋላ ያለው ሐዲድ የጥር ሐዲድ አይደለምና ጎማው እንዳይንሸራተት ሐዲዱ ላይ አሸዋ የሚረጨው መሣሪያ ሥራ የሚታየው ያን ጊዜ ነው።

ዝቅተኛውን ዋጋ እንደ ትርፍ መቁጠር

«በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» የተባለው ለጨረታ ኮሚቴ ጭምር ይመስለኛል። የመግዣ ዋጋ ባቡሩ በዕድሜው ሙሉ ከሚፈልገው ገንዘብ አንዱ ክፍል ብቻ ነው፤ ኤሌክትሪክ አለ፣ የጎማ ብረት ቅያሬ አለ፣ የበር ሞተር አለ፣ በአምስትና በስድስት ዓመት የሚመጣ ትልቅ እድሳት አለ። የአዲስ አበባ ባቡሮች ከተመደቡት ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጦት ከሥራ ውጭ መሆናቸው በተደጋጋሚ የተዘገበ ነገር ነው። መለዋወጫ የሚገዛው በውጭ ምንዛሪ፣ ገቢው የሚሰበሰበው በብር፣ ትኬቱም ሲጀመር እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር በነበረበት ሁኔታ ኤል ሲ (በባንክ በኩል የሚሰጠው የክፍያ ዋስትና) ተከፍቶ ዕቃው ጅቡቲ እስኪደርስ ያለውን ጊዜ ማስላት አያቅትም።

መፍትሔው ከባቡሩ ዋጋ ጋር፣ በዚያው ጨረታና በዚያው ብድር፣ ቢያንስ የአምስት ዓመት መለዋወጫ ማስገዛት ነው። «መለዋወጫ ይቀርባል» የሚል ዓረፍተ ነገር ብቻውን ዋጋ የለውም፤ የእያንዳንዱ ዕቃ ስም፣ ብዛት፣ የአምራቹ መለያ ቁጥርና ዋጋው በአባሪ ተዘርዝሮ መቅረብ አለበት። የአምራቹ መለያ ቁጥር ሲባል ዕቃውን በእርግጥ የሠራው ማለቴ ነው። ባቡር የሚሸጠው ድርጅት ቦልቤሪንጉን፣ ኮምፕሬሰሩንና የበር መቆጣጠሪያውን ብዙ ጊዜ ከሌላ ይገዛና የራሱን ቁጥር ለጥፎበት ይሸጣል፤ ዋናውን ቁጥር የያዘ ገዢ በቀጥታ ከምንጩ ሊገዛ ይችላል፣ ያልያዘ ግን ለ30 ዓመት አንድ ሱቅ ደንበኛ ሆኖ ይቀራል።

የሶፍትዌሩም ነገር እንዲሁ ነው። በአንድ የጥገና ክፍል የቆመ ባቡር ሥር ቴክኒሻኖች ላፕቶፕ ሰክተው ሲጠብቁ አይቻለሁ፤ የተበላሸው ሴንሰር ተቀይሯል፣ ብረቱ ሁሉ ደህና ነው፣ ባቡሩ ግን ስህተቱን ከማኅደሩ የሚያጠፋለት የይለፍ ቃል ከውጭ እስኪላክ አይንቀሳቀስም። የምርመራ ሶፍትዌሩ ፈቃድ፣ የይለፍ ቃሎቹና የሽቦ ንድፎቹ ከመጀመሪያው ባቡር ጋር እንዲረከቡ ያልጠየቀ ገዢ የገዛው ግማሽ ባቡር ነው።

ገና ያልተሞከረ ወይም ለራስ ብቻ የተቀየጠ ሞዴል ማዘዝ

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ቦስተንና ሳን ፍራንሲስኮ ሄሊኮፕተር ሠሪ ለነበረው የቦይንግ ቨርቶል ክፍል አንድ ዓይነት ባቡር አዘዙ፤ የሁለት ከተሞችን ፍላጎት ባንድ አካል ላይ ለማስማማት ሲሞከር በሩ ተወሳሰበ፣ ብልሽት በዛ፣ ቦስተንም ከታዘዙት የተወሰኑትን አልቀበልም እስከማለት ደረሰች። ልምድ ያለው አምራችም ከዚህ አያመልጥም፤ የሲመንስ ኮምቢኖ ትራሞች አካል ላይ ስንጥቅ መገኘቱ እ.ኤ.አ. በ2004 ሲታወቅ ከ400 በላይ ባቡሮች በብዙ ከተሞች መጠገን ነበረባቸው። ስለዚህ ተጫራቹ ያንኑ ሞዴል በዳገታማ ከተማ ቢያንስ ሦስትና አራት ዓመት ያስኬደ ደንበኛ እንዲያሳይ ይጠየቅ፤ ያንን ደንበኛ የሚያነጋግረውም ፈረቃ ላይ ያለ መካኒክ ይሁን እንጂ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ አይሁን።

ከዚሁ ጋር የወለሉ ነገር ይነሣል። ሙሉ በሙሉ ዝቅ ያለ ወለል ለአረጋዊም ለሕፃን ያዥም ደግ ነው፤ ብዙዎቹ ዓይነቶች ግን እግራቸው ከአካሉ ጋር እንደ ልብ ስለማይዞር በኩርባ ላይ ጎማውንም ሐዲዱንም ይበላሉ። አዲስ አበባ የመረጠችው 70 በመቶ ዝቅ ያለውን ነው፣ በእኔ እይታ ትክክል ነበር።

ለመረከብ መቸኮል

ባቡሩ ከጅቡቲ ተጭኖ ሲመጣ ምርቃት ይታሰባል፣ ካሜራ ይጠራል፣ ፊርማም ይቸኩላል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ዲፖው የጎማ መሞረጃ ማሽኑ ካልተተከለ፣ የማንሻ ጃኮቹ ካልተፈተኑና መስመሩ ላይ ያሉት የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ጣቢያዎች ባቡሮች ሁሉ ባንድ ጊዜ ሲነሡ መቻላቸው ካልታየ ባቡሩ ቢመጣ የሚቆመው ፀሐይ ላይ ነው፤ የዋስትናው ጊዜ ግን ቆሞ አይጠብቅም። ዋስትናው ባቡሩ ወደብ ከደረሰበት ቀን ሳይሆን፣ እያንዳንዱ ባቡር በውሉ የተወሰነውን ኪሎ ሜትር ያለ ከባድ ብልሽት በራሱ መስመር ላይ ከሮጠበት ቀን እንዲቆጠር፣ ከክፍያውም የመጨረሻው ድርሻ ያ ፈተና እስኪያልቅ በእጅ እንዲቆይ አስቀድሞ ይጻፍ።