2ኛ ነገሥት 25ን ሳይቸኩሉ ለማንበብ

በጥናት ቡድናችን ኢየሩሳሌም የወደቀችበት ምዕራፍ ላይ ስንደርስ አንዱ ቶሎ ብሎ «እግዚአብሔር ለምን ፈቀደ?» ይላል። ጥያቄው ትልቅ ነው። እኔ ግን «ቆይ፣ መጀመሪያ የሆነውን እንወቅ» እላለሁ። እናንተም እርሳስ አውጡ።

በቀኖቹ ጀምሩ፣ አንድ በአንድ አክብቧቸው። የባቢሎን ንጉሥ ናቡከደነፆር ከተማዋን መክበብ የጀመረው በ10ኛው ወር በ10ኛው ቀን ነው። ዓመት ከመንፈቅ ቆይቶ፣ በ4ኛው ወር በ9ኛው ቀን፣ እህል አለቀና ቅጥሩ ተሰበረ። በ5ኛው ወር ቤተ መቅደሱ ነደደ። አደራ፣ ወሮቹን በእኛ አቆጣጠር እንዳትቆጥሩ። ቆጠራው የሚነሣው ፋሲካ ከሚውልበት ወር ነው፤ ስለዚህ አምስተኛው ጥር ሳይሆን ሐምሌና ነሐሴ አካባቢ ነው።

ጸሐፊው ስለ ቀን ይህን ያህል የሚጠነቀቀው ለምን ይሆን? ዘካርያስ 8፥19ን ግለጡ። የአራተኛው፣ የአምስተኛው፣ የሰባተኛውና የአሥረኛው ወር ጾም ይላል። ሕዝቡ እነዚህን ወራት በጾም ያስብ ነበር ማለት ነው። ሰባተኛው ወር ባቢሎናውያን በይሁዳ የሾሙት ገዥ ጎዶልያስ የተገደለበት ነው፤ ቁጥር 25 ላይ ታገኙታላችሁ።

ቁጥር 6 እና 7 ላይ ደግሞ ረጋ በሉ። ንጉሥ ሴዴቅያስ በሌሊት ሾልኮ ወጣ፣ ኢያሪኮ ሜዳ ላይ ተያዘ። የባቢሎን ንጉሥ ወዳለበት ወደ ሪብላ ወስደው ልጆቹን ዓይኑ እያየ ገደሉበት። ከዚያ ዓይኑን አወጡ። አሁን ኤርምያስ 34፥3ን እና ሕዝቅኤል 12፥13ን ጎን ለጎን አንብቡ። ኤርምያስ የባቢሎንን ንጉሥ ዓይን ለዓይን ታየዋለህ ይለዋል። ሕዝቅኤል ደግሞ ወደ ባቢሎን ይወሰዳል፣ ግን አያያትም ይላል። ለየብቻ ሲነበቡ የሚጋጩ ይመስላሉ። ሪብላን ያነበበ ግን ሁለቱም እንዴት እንደተፈጸሙ ይገባዋል።

ቀጥሎ ማን ሄደ፣ ማን ቀረ? «ሁሉም ተማረከ» ሲባል እንሰማለን። ቁጥር 12 ግን ድሆቹ ወይንና እርሻ እንዲሠሩ እንደቀሩ ይናገራል። ቀደም ብሎ፣ በምዕራፍ 24፣ ከተወሰዱት መካከል ጦረኞች፣ ጠራቢዎችና ብረት ሠሪዎች አሉ። ናቡከደነፆር መሣሪያ የሚሠራና የሚያነሣ እጅ እንዳይቀር ፈልጓል ባይ ነኝ። የምርኮኞቹ ቁጥር አይገጥምም፤ 24፥14 ላይ 10,000 ነው፣ ኤርምያስ 52 ላይ በሦስት ዙር 4,600። በግድ አታስታርቁት፣ ዳር ላይ ጻፉትና እለፉ።

ኢትዮጵያዊውን አቤሜሌክን ለማግኘት ኤርምያስ 38ን ጨምሩበት። ነቢዩን ከጉድጓድ ሲያወጣው ገመዱ ብብቱን እንዳይልጠው አሮጌ ጨርቅ አቀብሎታል። ያ ሁሉ ከተማ በረሃብ ሲያልቅ ለብብት ያሰበ ሰው!

መዝሙር 137ን (በሌላው አቆጣጠር 136) መጨረሻ ላይ አንብቡት። የመጨረሻዋን ቁጥር ግን አትዝለሉ። ብዙዎች «የባቢሎን ወንዞች» ብለው ጀምረው እሷ ጋ ሳይደርሱ ይዘጋሉ።