ባሕር ሳይኖረን ባሕርን መጠበቅ፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ሆኖ ምን ይሠራል?

ደሴ ላይ ስለ ውቅያኖስ ማውራት ለብዙ ሰው የጥጋብ ወሬ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ማን ስለ ዓሣ ነባሪ ይጨነቃል? አይፈረድበትም። ግን ስልክ የያዘ ሁሉ ቪዲዮውን አይቷል። አፍንጫዋ ውስጥ ስትሮ የተሰካባት ኤሊ፣ ነጥቶ የሞተ ኮራል፣ ፕላስቲክ ያለበሰው የባሕር ዳርቻ። ሰው ያያል፣ አንጀቱ ይላወሳል፣ «እኔ ከዚህ ሆኜ ምን ላድርግ?» ይልና ወደ ቀጣዩ ቪዲዮ ያልፋል። ከዚህ በታች ያለው ለዚያ ጥያቄ ነው። ሥራው ትንንሽ ነው፤ ብዙ ገንዘብም አይጠይቅም።

1. መጀመሪያ ውሃችሁ የት እንደሚደርስ እወቁ

«ዛሬ የጣላችሁት ፌስታል ነገ ውቅያኖስ ይገባል» ሲባል እንሰማለን። ለደሴ ይህ ልክ አይደለም። ልክ ባልሆነ ነገር ላይ የቆመ ተስፋ ደግሞ ቶሎ ይፈርሳል።

የቦርከና ወንዝ ደሴን አቋርጦ፣ በዶሮ መዝለያ ገደሉን ወርዶ ኮምቦልቻ ይደርሳል። እዚያ ለዮሌና ወርቃ የሚባሉ ወንዞች ይገቡበታል። ከዚያ በከሚሴ በኩል የጨፋን ረግረግ አልፎ አዋሽን ይቀላቀላል። አዋሽ ደግሞ ባሕር አያውቅም። አፋርን አቋርጦ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ እዚያው ይቀራል። ከኩታበር ወደ ምዕራብ የሚወርደው ውሃ ነው በበሽሎ ወንዝ አድርጎ ዓባይ የሚገባው፤ የዓባይ መጨረሻም ሜድትራንያን ባሕር ነው። ያ ግን ረጅም መንገድ ነው፤ መሐል ላይ የህዳሴው ግድብም አለ።

ስለዚህ ፒያሳ ላይ የተጣለ ፌስታል ውቅያኖስ አይደርስም። ጨፋ ሣር ውስጥ ነው የሚቀረው። በበጋ የአፋርና የኦሮሞ አርብቶ አደሮች ከብት ይዘው የሚሰፍሩት እዚያ ነው። ፌስታሉ የሚገባው ከዓሣ ነባሪ ሆድ ሳይሆን ከላም ሆድ ነው። ይህ ለእኔ የበለጠ እንጂ ያነሰ ምክንያት አይደለም።

እኛና ውቅያኖስ የምንገናኘው በወንዝ ሳይሆን በአየር ነው። የወሎ በልግ እርጥበቱን የሚያገኘው በአብዛኛው ከሕንድ ውቅያኖስና ከዐረቢያ ባሕር በኩል ነው። በ2007 ዓ.ም. ፓስፊክ ውቅያኖስ ከልክ በላይ ሞቆ ኤልኒኖ ሲበረታ የእኛ ክረምት ከዳ። በ2008 ዓ.ም. ከ10 ሚሊዮን በላይ ኢትዮጵያዊ የምግብ እርዳታ ፈላጊ ሆነ። የሰው ልጅ በጭሱ ካመጣው ተጨማሪ ሙቀት ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነውን ዋጥ ያደረገው ውቅያኖስ ነው። ከምንለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድም ሩብ ያህሉን ይወስዳል። ተሸክሞልናል ማለት ነው፤ የሸክሙ ዋጋ ግን እኛም ማሳ ድረስ ይመጣል።

እንግዲህ ሥራው ሁለት ነው። ጭሱ ወደ ባሕር ይሄዳል፤ ቆሻሻው ወደ ጎረቤት።

2. ወሬውን መጥኑ

ሐዘን ብቻውን ሥራ አያሠራም፤ ያደክማል። ዜናውን ጥርቅም አድርጎ መዝጋትም መፍትሔ አይሆንም። መጥኖ ማየት ነው። በሳምንት አንድ ቀን፣ ለምሳሌ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ስለ ባሕር የምታነቡበት ጊዜ ቁረጡ። በሌላ ቀን ቪዲዮው ሲመጣ እለፉት። አንድ መጥፎ ዜና ባነበባችሁ ቁጥር ደግሞ አንድ የተሳካ ነገር ፈልጉ። አለ።

ሃምፕባክ የሚባለው ዓሣ ነባሪ በአደን ብዛት ሊያልቅ ደርሶ ነበር። አገሮች ተስማምተው እ.ኤ.አ. በ1966 እሱን ለንግድ ማደን ታገደ፤ ዛሬ በብዙ ባሕሮች ቁጥሩ አገግሟል። አረንጓዴው የባሕር ኤሊ ለመጥፋት ከተቃረቡ እንስሳት ተርታ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2025 ነው። የማንም አገር ይዞታ ያልሆነውን ሰፊ ባሕር ለመጠበቅ የወጣው ዓለም አቀፍ ስምምነትም እ.ኤ.አ. በ2023 ተወስኖ፣ በ2025 ሥራ ላይ ለመዋል የሚያስፈልጉትን 60 አጽዳቂ አገሮች አገኘ። ከጎረቤት ለሚፈልግ ደግሞ ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ2008፣ ኬንያ በ2017 ፌስታልን ከልክለዋል።

የኤሊዋ ነገር ደስ የሚለኝ በአንድ ምክንያት ነው። እንቁላሏን የጣለችበትን አሸዋ በየአገሩ ሌሊት ሌሊት የጠበቁት ከሳይንቲስቶቹ ጋር የዳርቻው መንደር ሰዎች ናቸው። የእንቁላል ጥበቃ ምን ያህል አሰልቺ ሥራ እንደሆነ አስቡት። ግን ሠራ።

3. ፌስታሉን በፍጥነት ቅደሙት

ሰኞ ገበያ ቆማችሁ ተመልከቱ። ቲማቲም ሻጯ ሚዛኑን ሳትጨርስ በግራ እጇ ፌስታል ከጥቅሉ ትመዛለች፣ እፍ ትልበታለች፣ ገልብጣ ትቋጥራለች። ዓይን ጨፍኖ ለመክፈት ያህል ነው። ሽንኩርቱ በሌላ ፌስታል፣ ቃሪያው በሌላ፤ በመጨረሻ ሁሉንም የሚይዝ ትልቅ ፌስታል ይደረብበታል። ለአንድ ወጥ አራት ፌስታል!

ስለዚህ ጉዳዩ የፍጥነት ነው። እጇ ወደ ጥቅሉ ከመሄዱ በፊት ዘንቢላችሁን ከፍታችሁ ዘርጉ፤ «እታለም፣ እዚሁ ገልብጪልኝ» በሉ። «ፌስታሉ እኮ በነፃ ነው!» ልትል ትችላለች። ለእናንተ እንጂ ለእሷ በነፃ አይደለም፤ ጥቅሉን በገንዘቧ ነው የምትገዛው። ከአንድ ጉልት ስትመላለሱ ትለምዳችኋለች። አንድ ቀን ባዶ እጃችሁን ብትሄዱ «ዘንቢሉስ?» ብላ ራሷ ትጠይቃለች።

ዘንቢሉ ከበሩ ኋላ ይሰቀል፤ ጓዳ የገባ ዘንቢል ይረሳል። ቦርሳ ለምትይዙ አንድ የጨርቅ ከረጢት ታጥፎ ይቀመጥ። ሥጋ ቤት ክዳን ያለው ዕቃ ይዞ መሄድ ይቻላል፤ መጀመሪያ ያስቃል፣ ከዚያ ይለመዳል። በፌስታል የተጠቀለለ ጫት የምትገዙም አላችሁበት። ቤት ያሉትን ፌስታሎች ደግሞ ባንድ ጊዜ አውጥታችሁ አትጣሉ፤ እስኪቀደዱ ተጠቀሙባቸው። ሃይላንዱንና የዘይት ጀሪካኑን ለይታችሁ አስቀምጡ፤ ቆራሌው ሲመጣ ይወስደዋል።

ሕጉም ከእናንተ ጋር ነው። ስስ ፌስታልን የሚገድብ አዋጅ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚከለክል አዲስ አዋጅ አጽድቋል። አዋጅ ግን እስከ ጉልት ድረስ በራሱ እግር አይሄድም።

አንድ ነገር ልጨምር። «ፕላስቲክ የሚባል ከቤቴ ድርሽ አይልም» ብላችሁ አትነሱ። ባልዲው ፕላስቲክ ነው፣ ጀሪካኑም። ሳምንት የማይቆይ ጀግንነት ነው። ፌስታሉ ይበቃል።

4. ከበራችሁ እስከ ጥጉ ያለውን ቦይ ያዙ

ቦርከናን ላጽዳ አትበሉ። ከግቢያችሁ በር እስከ ቀጣዩ ቱቦ አፍ ድረስ ያለውን ቦይ ያዙ። የእናንተ ባሕር እሱ ነው።

ጊዜው ግንቦት መጨረሻ ነው፤ ዋናው ዝናብ ሳይገባ። ሐምሌ ላይ ጎርፍ እየወረደ ቦይ ውስጥ መግባት አደጋ ነው፤ ቆሻሻውም ያኔ ሄዷል።

ሦስት ማዳበሪያ ጆንያ፣ አካፋ፣ ወፍራም ጓንትና ድፍን ጫማ ያስፈልጋል። በሸበጥ አትግቡ። ጠርሙስ ስባሪ አለ፤ አንዳንድ ቦታ መርፌም አይጠፋም። መርፌ ካያችሁ በእጅ አታንሱ፤ በአካፋ አንስታችሁ ክዳን ባለው ጠንካራ ዕቃ አስቀምጡና ጤና ጣቢያ ጠይቁ።

ከቱቦው አፍ ጀምሩ። እዚያ የሚገኘው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። መጀመሪያ አንድ ትልቅ ነገር ይጋደማል፤ የተበጠሰ ሸበጥ ወይም እንጨት። እሱ ላይ ፌስታል ይጠመጠማል፣ ፌስታሉ ጭድና ቅጠል ይይዛል፣ በመጨረሻ ደለሉ ይደፍነዋል። ያንን ትልቁን ነገር ስትስቡት ግማሹ ሥራ አለቀ።

አንዱ ጆንያ ለሃይላንድና ለቆራሌ የሚሆን ነገር፣ ሁለተኛው ለፌስታልና ለተቀላቀለ ቆሻሻ፣ ሦስተኛው ለደለሉ። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው፤ ደለሉን አውጥቶ ቦዩ ጠርዝ ላይ ይከምራል። የመጀመሪያው ዝናብ መልሶ ይከተዋል። ትንሽ ይጠንፈፍና በዚያው ቀን ራቅ አድርጋችሁ ውሰዱት። የተቀላቀለውን ጆንያ ቤት ለቤት ቆሻሻ የሚሰበስቡት ልጆች ከሚመጡበት ቀን በፊት ባለው ማታ ሙሉትና ግቢ ውስጥ አሳድሩት። ውጭ ካደረ ውሻ ይበትነዋል።

ከመጀመራችሁ በፊትና ከጨረሳችሁ በኋላ ከአንድ ቦታ ላይ ቆማችሁ ፎቶ አንሱ። ጆንያውንም ቁጠሩና ግድግዳው ላይ ባለው ካላንደር ጻፉ። በሚቀጥለው ዓመት ተስፋ ሲጠፋባችሁ የምታዩት ነገር ይኖራችኋል፤ የሩቅ ባሕር ዜና ይህን አይሰጥም።

ሐምሌ ላይ፣ ከትልቅ ዝናብ ማግስት፣ ሄዳችሁ ቦዩን እዩ። አዲስ ቆሻሻ ካለ ከየት በኩል እንደመጣ ይታያል፤ ወደ ላይ ተከተሉት። የሚቀጥለው አጋራችሁ ያ ጎረቤት ነው።

ጎረቤቱን እንዴት ታመጡታላችሁ? ስለ ዓሣ ነባሪ አትጀምሩ፤ አደራ። ቡና ላይ፣ ቶናው ሲቀዳ፣ አምና ጎርፉ የማንን ቤት እንደገባ አንሱ። ወሬው በራሱ ይሄዳል። ከዚያ ቅሬው (እድሩ) ሲሰበሰብ ጉዳዩ ይቅረብ። ድንኳንና ብረት ድስት በጋራ ገዝቶ የሚያስተዳድር ቅሬ፣ ሁለት አካፋና አሥር ጓንት አያቅተውም። የሚያሾፍ አይጠፋም። አብሽሩ፣ አካፋውን የሚያነሳውም አይጠፋም።

5. ጭሱ

የሰበሰባችሁትን አታቃጥሉ። ፕላስቲክ ሲነድ መርዛማ ጭስ ያወጣል፤ መጀመሪያ የሚተነፍሱት የእናንተ ልጆች ናቸው።

ምድጃው ላይ ደግሞ የሚደረግ አለ። በጉልቻ የምትጋግሩ ከሆነ ምርጥ ምድጃ እንጨቱን እስከ ግማሽ ይቀንሳል። ለከሰል ላቀች የሚባለው ምድጃ አለ። መብራት ሲኖር የኤሌክትሪክ ምጣዱ ይሻላል፤ የአገራችን መብራት በአብዛኛው ከውሃ ኃይል ነው። ይህን የምለው ሰው እንዲሸማቀቅ አይደለም። ውቅያኖስን ያሞቀው ጭስ ትልቁ ድርሻ የሀብታም አገሮች እንጂ የወሎ ምድጃ አይደለም። እናንተ የምታተርፉት መጀመሪያ ዓይናችሁን፣ እንጨቱንና የከሰሉን ብር ነው።

6. ልጆች ካሉ ሐይቅ ውሰዷቸው

ሐይቅ የሚባለው ሐይቅ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ቆሮሶ ዓሣ ጠብሶ የሚያበላም አለ። የጎረቤቱ የአርዲቦ ሐይቅ ውሃ በአንካርካ ወንዝ ወርዶ ሐይቅ ይገባል፤ ከሐይቅ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። የገባው ሁሉ እዚያው ይቀራል። ዳር ላይ ቆሞ ይህን ለልጅ መንገር ነው፤ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

7. ከአካፋ በላይ ለሆነው፣ ደብዳቤ

ኮምቦልቻ ላላችሁ ይህ ይበልጥ ይመለከታል። ለዮሌና ወርቃ በፋብሪካዎች መሐል ነው የሚያልፉት። የወንዝ ቀለም ሲቀየር በጆንያ አይሰበሰብም። ሰፈር ውስጥ ማማረርም የትም አያደርስም።

ያያችሁትን ጻፉ፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የትኛው ድልድይ ጋ እንደሆነ፣ ቀለሙን፣ ሽታውን። ፎቶ ጨምሩ። አንድ ቀን ብቻ ከሆነ «ዝናብ ነው» ይባላል፤ ስለዚህ በተለያየ ቀን፣ ከዚያው ቦታ ደጋግማችሁ መዝግቡ። የእገሌ ፋብሪካ ነው ብላችሁ አትደምድሙ፤ ያንን መርምሮ ማወቅ የመሥሪያ ቤቱ ሥራ ነው። ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይብለጥ፣ የብዙ ነዋሪ ፊርማ ይኑረው። በሁለት ኮፒ አድርጋችሁ ለከተማው አካባቢ ጥበቃ ቢሮ መዝገብ ቤት አስገቡ።

አንዱ ኮፒ ላይ ማኅተምና የገቢ ቁጥር ሳታስመቱ አትውጡ። ያለ ቁጥር የገባ ደብዳቤ እንዳልገባ ይቆጠራል። መልስ ከዘገየ ቁጥሩን ይዛችሁ ተመለሱ፤ ስትሄዱም ብቻችሁን ሳይሆን ከፈረሙት ሁለት ሦስት ሰዎች ጋር ይሁን።