በካንቶንኛ ወረፋ ስንይዝ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ለንግድ ጓንዡ ወይም ሆንግ ኮንግ ለምትመላለሱ ሰዎች፣ የአካባቢውን ቋንቋ ካንቶንኛን ለመጀመር ወረፋ ጥሩ ቦታ ነው። ሚኒባሱም፣ ምግብ ቤቱም፣ ክሊኒኩም ሰልፍ አለው። ብዙ ጀማሪ ግን «መሰለፍ» የሚለውን ቃል ይይዝና እዚያው ይቀራል።

ቃሉ «ፓይ ዶይ» ነው። ማንደሪን፣ ማለትም የቻይናን ይፋዊ ቋንቋ፣ የለመደ ሰው መጨረሻውን ወደ ታች ይጥለዋል። በካንቶንኛ «ዶይ» ወደ ላይ መነሳት አለበት፣ ጥያቄ ስንጠይቅ ድምፃችን እንደሚነሳው።

ከሁሉም በላይ የሚያስቸግረው «እየተሰለፍክ ነው?» የሚለው ጥያቄ ነው። «እየ»ን የሚተካው «ገን» ይባላል። ጀማሪዎች «ፓይ ዶይ ገን» ይላሉ፤ ስህተት ነው። «ፓይ» ግስ፣ «ዶይ» ደግሞ ረድፉ ራሱ ነው። እኛ «እየ»ን ከግሱ እናስቀድማለን፤ እነሱ ወዲያው ከግሱ ያስከትላሉ። ስለዚህ «ኔይ ፓይ ገን ዶይ አ?» በሉ። ይህን አንዴ ከያዛችሁ ሌሎች ብዙ ግሶችም ይገቧችኋል፤ ጊዜ ስጡት።

ያለተራ መግባት «ዳ ጂም» ይባላል። የማንደሪኑን ቃል ይዛችሁ አትሂዱ። ግን ሰውን ፊት ለፊት «ዳ ጂም!» ማለት ክስ ነው፣ ጠብ ያመጣል። እኔ «ምጎይ፣ ፓይ ዶይ» ማለትን እመርጣለሁ፤ «እባክዎ ይሰለፉ» እንደማለት ነው።

ምግብ ቤት በር ላይ «ጌይ ዶ ወይ?» ስትባሉ የተጠየቃችሁት ስንት ሰው እንደሆናችሁ ነው። ሁለት ከሆናችሁ «ዪ ወይ» አትበሉ። «ዪ» ቁጥር ስንቆጥር ነው፤ ሰው ሲቆጠር «ሎንግ ወይ» ይባላል። ቦታ ከሌለ የተራ ቁጥር ይሰጧችኋል፤ እሱን መውሰድ «ሎ ቸው» ነው።

ምስጋና ላይም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቦታ ለለቀቀላችሁ ወይም ቁጥሩን ለሰጣችሁ ሰው «ምጎይ» በሉ። «ዶ ጄ» ለስጦታና ለግብዣ ነው።

ሰልፉ ተጠማዞ ጫፉ ካልታየ ደግሞ ዝም ብላችሁ መሃል አትቁሙ። ሰልፉን ራሱን የሰው ዘንዶ፣ «የን ሉንግ»፣ ይሉታል። «ሉንግ ሜይ ኸይ ቢን ዶው አ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ የዘንዶው ጅራት የት ነው ማለት ነው። ተራችሁ መድረሱን ለማወቅ «ዶው ንጎ ሜይ አ?» ይበቃል።