ኢስታንቡል ላይ ሳታስቡት ጥሩ ምሳ ለመብላት

ላለሊ፣ የኢስታንቡሉ የንግድ ሰፈር፣ ዕቃ ሊያመጣ የሄደ ሰው ያውቀዋል። ጠዋት ከሱቅ ሱቅ ስትዞሩ፣ ዋጋ ስትከራከሩ፣ ፌስታል ስትጎትቱ ትቆዩና ድንገት ሆድ ይጮኻል። ሰዓቱ ከአዲስ አበባ ጋር አንድ ስለሆነ ሆዳችሁ አይሳሳትም፤ ልክ ስድስት ሰዓት ላይ ነው የሚጮኸው።

የመጀመሪያ ቀን እኔ ያደረግኩትን አታድርጉ። ትራሙ መንገድ ዳር ፎቶ ያለው ሜኑ ይዞ እንደ ታክሲ ረዳት የሚጣራ ልጅ ነበር፣ ተከትዬው ገባሁ። ኬባቡ ቀዝቅዟል። ያላዘዝኩት ሰላጣ ደግሞ ሂሳቡ ላይ ተደምሮ መጣ።

በማግስቱ ዘዴ ቀየርኩ። በጋሪ ካርቶን የሚገፉት ሠራተኞች ምሳ ሰዓት ላይ ወዴት ነው የሚሄዱት? ተከተልኳቸው። ሁለት ቅያስ ገባ ብሎ ጠባብ ቤት፣ መስኮቱ በላበት የተሸፈነ። እንዲህ ዓይነቱን ቤት ኤስናፍ ሎካንታሲ ይሉታል፣ የነጋዴና የባለሙያ ምግብ ቤት እንደማለት ነው። ሎካንታ ሲባል የእኛ ሉካንዳ ትዝ እንዳይላችሁ፣ የተሰቀለ ሥጋ የለም፤ በመስታወት ጀርባ የተደረደረ ትሪ ሙሉ ወጥ ነው ያለው።

ቋንቋ አያስፈልግም። ሜኑም አትጠይቁ። ትሪዎቹ ፊት ቁሙና በጣት አሳዩ። አንድ ቃል ብቻ ያዙ፦ «አዝ»፣ ትንሽ ማለት ነው። «አዝ» ካላችሁ ትንሽ ትንሽ እየጨለፉ ስለሚሰጧችሁ ሁለት ሦስት ዓይነት መቅመስ ይቻላል። የምስር ሾርባ ካለ ከእሱ ጀምሩ፣ ሎሚ ጨምቁበት፣ ጠረጴዛው ላይ ያለውን የተፈጨ ቃሪያ ነስነስ አድርጉ። ሚጥሚጣ አይደለም፣ ግን ይረዳል።

ከዚያ ኩሩ ፋሱልዬ። ስሙ ያስቃል፤ ኩሩ በእነሱ ደረቅ ማለት ነው፣ ፋሱልዬውም የእኛ አረንጓዴ ፋሶሊያ ሳይሆን ነጭ ቦሎቄ ነው። በሽንኩርትና በቲማቲም ቀስ ብሎ የበሰለ፣ መረቁ ወፈር ያለ፣ ከሩዝ ጋር የሚበላ። ቦሎቄ ምን ይጣፍጣል ብዬ የናቅኩት ሰውዬ ሳህኑን በዳቦ ጠርጌ ነው የተነሳሁት። ጊዜ ካላችሁ ከላለሊ በእግር ወደ ሱለይማኒዬ መስጊድ ውጡ (በፈረንጆች 1557 ያለቀ፣ የታዋቂው የኦቶማን አርክቴክት የሲናን ሥራ)። ፊት ለፊቱ በዚሁ ቦሎቄ የታወቁ ቤቶች ተደርድረዋል።

ጾም ላይ ከሆናችሁ ግን ጠንቀቅ በሉ። ቦሎቄው ውስጥ ሥጋ ወይም ቅቤ ሊኖር ይችላል፣ ሩዙንም ብዙ ጊዜ በቅቤ ነው የሚሠሩት፣ ሾርባውም በሥጋ መረቅ ሊሆን ይችላል። «ኤትሲዝ» ማለት ሥጋ የሌለው ነው፣ ቅቤውን ግን አያወጣላችሁም። የሚያዋጣው «ዘይቲንያሊ» ብሎ መጠየቅ ነው። በወይራ ዘይት ተሠርቶ ቀዝቀዝ ብሎ የሚቀርብ የአትክልት ምግብ ነው፦ ፋሶሊያ፣ ደበርጃን፣ በወይን ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ። አጠገቡ እርጎ ጣል እንዳያደርጉበት ብቻ በእጅ ከልክሉ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትቆዩ ከሆነ ደግሞ ችግር አለ፤ እነዚህ ቤቶች ለምሳ ነው የሚያበስሉት፣ ከስምንት ሰዓት በኋላ ጥሩ ጥሩው ትሪ ባዶ ነው።

ዋጋ ካልተለጠፈ ከመቀመጣችሁ በፊት ጠይቁ፣ ነውር የለውም።

ስትወጡ ደግሞ ለሚጨልፈው ሰው «ኤሊኒዜ ሳልክ» በሉ። ጤና ለእጅዎ ማለት ነው፣ የእኛው «እጅዎ ይባረክ»። እኔ የላለሊው ቤት በሁለተኛው ቀን አፌ እየተሳሰረ ስለው ሽማግሌው ጭልፋውን እንደያዘ ቆም ብሎ አየኝ። ከዚያ በእጁ ተቀመጥ አለኝና ሻይ በትንሿ ብርጭቆ መጣልኝ፣ ስኳሩ ሁለት እንክብል። ልከፍል ብል ጭንቅላቱን ነቀነቀ።