የትራክ ፍሬን በብርድ እንዳይያዝ

አገር ቤት ጣርማ በርን ጭነት ይዞ የወረደ ሾፌር፣ ስለ ፍሬን የሚፈራው መጋሉን ነው። ከዴንቨር ተነስቶ በሸያን በኩል አይ-80 አውራ ጎዳናን ይዞ ወደ ላራሚና ሮውሊንስ የሚነዳ ሰው ደግሞ ብርዱን ይፍራ። ዝግጅቱም ከበረዶው በፊት ነው፤ ኦክቶበር ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነው።

የትራክ ፍሬን የሚሠራው በታመቀ አየር ነው፤ በረዶ የሚሆነው እዚያ አየር ውስጥ ያለው እርጥበት ነው። ኮምፕሬሰሩ አየር ሲያምቅ አየሩ ይግላል፤ ታንክ ውስጥ ሲበርድ እርጥበቱ ወደ ውሃ ይለወጣል። ያ ውሃ ቫልቭ ጋ ደርሶ ከቀዘቀዘ አየሩን ይዘጋዋል። ስለዚህ ሥራችን ውሃውን ማስወጣት ነው።

በመጀመሪያ ኤር ድራየሩን፣ ማለትም አየሩን የሚያደርቀውን ዕቃ፣ አሳዩ። ካርትሪጁ ውስጥ እርጥበት የሚመጥጡ ጥቃቅን እንክብሎች አሉ፤ ሲያረጁ ውሃውን ዝም ብለው ያሳልፋሉ። ብርዱ ሳይገባ አስቀይሩት። መካኒኩን ከሥሩ ያለው ማሞቂያ ይሠራ እንደሆነም እንዲለካው ጠይቁት። እሱ ከሞተ፣ ድራየሩ ውሃውን የሚተፋበት ቀዳዳ ራሱ በበረዶ ይደፈናል። ብዙ ሰው አዲስ ካርትሪጅ አስገብቶ ይህን ይረሳዋል።

የአየር ታንኮቹን ውሃ በየቀኑ አፍስሱ፤ ማታ ስታቆሙ ቢሆን ይመረጣል። አስቀድማችሁ ጎማው ሥር ታኮ አድርጉ። እኔ ከማፍሰሻ ቫልቩ ሥር ካርቶን አስቀምጣለሁ፣ የወጣው ነገር ስለሚናገር። ጥቂት ጠብታ ብዙም አያሳስብም። ውሃው እየፈሰሰ ከወጣ ድራየሩ ደክሟል። እንደ ወተት የነጣ ቅባታማ ነገር ከወጣ ኮምፕሬሰሩ ዘይት እያሳለፈ ነው፤ ያ ዘይት እንክብሎቹን ሸፍኖ ከጥቅም ውጪ ያደርጋቸዋል። ያኔ ጋራዥ መግባት ነው፣ ሌላ መፍትሔ የለውም።

ተሳቢ ስትቀይሩ፣ ወደ ተሳቢው አየር የሚወስዱት ቀዩና ሰማያዊው ቱቦ ጫፍ ላይ በረዶ እንዳይገባ ተጠንቀቁ። ከመግጠማችሁ በፊት ጥረጉት። ተሳቢ ሳትይዙ ስትሄዱ አፉ ተከፍቶ አይንጠልጠል፣ ማስቀመጫው ላይ ግጠሙት።

ሌላው ጣጣ የፍሬን ሸራው ከታምቡሩ ጋር መጣበቁ ነው። ቀልጦ በጨቀየ በረዶ ላይ ነድታችሁ በረጠበ ፍሬን ካቆማችሁ፣ ሌሊቱን ተጣብቆ ያድራል። ከማቆማችሁ በፊት በዝቅተኛ ማርሽ እየሄዳችሁ ፍሬኑን በስሱ ያዝ አድርጉት፤ ይሞቅና ይደርቃል። የሲዲኤል (የንግድ መኪና መንጃ ፈቃድ) ማንዋሉም በጣም የረጠበ ፍሬን በሚያቀዘቅዝ ብርድ የእጅ ፍሬን እንዳይያዝ፣ ሜዳ ላይ በታኮ እንዲቆም ይላል። ግን ሌሊት አየሩ እያለቀ ከሄደ በአየር ግፊት ታፍኖ የነበረው የፍሬኑ ስፕሪንግ ራሱ ፍሬኑን ይይዘዋል። ስለዚህ ዋናው ነገር ማድረቁ ነው።

ጠዋት ሞተር አስነስታችሁ አየሩ እስኪሞላ ጠብቁ፤ አብዛኛው ትራክ ላይ ከ120 እስከ 140 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) ነው። ከዚያ ጥቂት ክንድ ብቻ ወደፊት ሂዱና መስታወት ውስጥ የተሳቢውን ጎማዎች እዩ። የሚዞር ጎማ በረዶው ላይ የጥርሱን ቅርጽ ያትማል። የተያዘ ጎማ ልሙጥ መስመር ይስባል። እሱን እየጎተታችሁ አስፋልት ከገባችሁ ጎማው በአንድ ጎኑ ተልጦ ያልቃል።

ከተያዘ ቀስ ብላችሁ ወደፊትና ወደኋላ ወዝወዝ አድርጉት። እምቢ ካለ የትራኩን ቢጫ ቁልፍ ስባችሁ የእጅ ፍሬኑን ያዙ፣ የተሳቢውን ቀይ ቁልፍ ግፉ፣ ታኮ አድርጉና ታምቡሩን በመዶሻ ምቱት። ሙቅ ውሃ አታፍስሱ፣ ተመልሶ ይቀዘቅዛል። እሳትማ ጭራሽ አይታሰብም፤ ጎማና የአየር ቱቦ አጠገቡ ነው ያለው።

ለአየር ፍሬን ተብሎ የሚሸጠው አልኮል መንገድ ላይ ስትቀሩ ብቻ የምትጠቀሙበት ነው። ጎሚኒዎቹንና የድራየሩን ካርትሪጅ ይጎዳል። ከተጠቀማችሁ ለመካኒኩ ንገሩት፣ ካርትሪጁንም ያይላችሁ። ናፍታም ሆነ የራዲያተር አንቲፍሪዝ ቱቦው ውስጥ በፍጹም አይገባም።