መኪናችሁ ነዳጅ በዛበት? ጋራዥ ከመሄዳችሁ በፊት አየሩን እዩ

መኪናው ያው ነው። መንገዱም ያው፣ ሹፌሩም ያው። ግን ቅዝቃዜው ሲገባ አንድ ፉል ታንክ የሚያስኬደው ርቀት ያጥራል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ወደ ጋራዥ ይሮጣል። ካንዴላ ይቀየራል፣ ፊልትሮ ይቀየራል፣ ኢንጄክተር ይታጠባል፣ ለውጥ የለም። ከጥቂት ወራት በኋላ አየሩ ሲሞቅ ፍጆታው ራሱ ይስተካከልና ምስጋናው ለመካኒኩ ይሆናል።

ስለዚህ መጀመሪያ ለኩ። ቀጥሎ ወቅቱ ምን ያህሉን እንደወሰደ እወቁ። ብልሽት ፍለጋው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

አለካክ

የነዳጅ ጌጅ አይታመንም። ዳሽቦርዱ ላይ የሚታየው አማካይ ፍጆታም ግምት ነው፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ ለመኪናው ያደላል። የሚሻለው የድሮው ዘዴ ነው። ታንኩን ፉል አስሞሉ፣ የመቅጃው እጀታ መጀመሪያ ቀጭ ብሎ ሲያቆም በቃ በሉ፣ ትሪፑን ዜሮ አድርጉ። እንደወትሮው ንዱ። ታንኩ ከግማሽ በታች ሲወርድ እንደገና ፉል አስሞሉ፣ ቢቻል እዚያው ማደያ፣ እዚያው መቅጃ ላይ፣ ምክንያቱም መኪናው ትንሽ አዘንብሎ ከቆመ ታንኩ የሚይዘው መጠን ይለያያል። ከዚያ የተነዳውን ኪሎ ሜትር ለገባው ሊትር አካፍሉ። 420 ኪሎ ሜትር ነድታችሁ 35 ሊትር ከገባ፣ በሊትር 12 ኪሎ ሜትር ሄዳችኋል ማለት ነው።

የአንድ ታንክ ውጤት ብቻውን ብዙ አይነግርም። ሦስት አራት ጊዜ አከታትላችሁ መዝግቡ። ከቁጥሩ ጎን ሁለት ነገር ጨምሩበት፦ ጠዋት አየሩ ስንት ዲግሪ እንደነበር፣ ጉዞዎቹ አጫጭር ወይስ ረጃጅም እንደነበሩ። ሁለተኛዋን አትዝለሏት። ብዙ ጊዜ ጉዱ የሚወጣው በእሷ ነው።

ያልሞቀ ሞተር

ከሁሉም በላይ ነዳጅ የሚበላው ይሄ ነው። ቤንዚን በደንብ የሚቃጠለው ተንኖ ከአየር ጋር ሲደባለቅ ነው። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ በቅጡ አይተንም፣ ከፊሉ ቀዝቃዛው ብረት ላይ ይለጠፋል። ስለዚህ የሞተሩ ኮምፒውተር የሞተሩን ውሃ ሙቀት በሴንሰር ያይና ጉድለቱን ለማካካስ ተጨማሪ ቤንዚን ይረጫል። ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ እንዲህ ይቀጥላል። የሞተሩ ዘይትም፣ የካምቢዮውም፣ የዲፈረንሻሉም ወፍሮ ስለሚያድር ሁሉም ነገር ከባድ ሆኖ ይዞራል።

በቀዝቃዛ ጠዋት ሞተሩን አስነሱና የዙር ቆጣሪውን እዩ። ቀስቱ ከ1000 በላይ ወጥቶ ይቆማል። ቀስ እያለ፣ ሞተሩ ሲሞቅ፣ ወደ 700 ወይም 800 አካባቢ ይወርዳል። ያ ሁሉ ጊዜ ሚኒሞው (መኪናው ቆሞ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) ከፍ ያለው አንድም ሞተሩን፣ አንድም ጭስ የሚያጣራውን ካታሊስት ለማሞቅ ነው። መኪናው ግን ገና ከበር አልወጣም።

ጉዟችሁ ረጅም ከሆነ ይህ ብክነት በብዙ ኪሎ ሜትር ላይ ስለሚበተን ብዙም አይታወቅም። አጭር ከሆነ ግን ሞተሩ ሊሞቅ ሲል ታጠፉታላችሁ። የአሜሪካ መንግሥት የነዳጅ ቁጠባ መረጃ እንደሚለው፣ ከተማ ውስጥ የሚነዳ የቤንዚን መኪና ከዜሮ በታች 7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ በሊትር የሚሄደው ርቀት፣ 25 ዲግሪ ላይ ከሚሄደው 15 በመቶ ያህል ያንሳል። ጉዞው ከ5 እና 6 ኪሎ ሜትር ካልዘለለ ደግሞ ልዩነቱ እስከ 24 በመቶ ይደርሳል። በቤንዚንም በባትሪም የሚሄድ ሃይብሪድ መኪና ላይ ይብሳል፣ ከ30 እስከ 34 በመቶ። ባትሪው ቅዝቃዜ አይወድም፤ ሊጠፋ ይችል የነበረው ሞተርም ውስጡን ለማሞቅ ሲባል ይሠራል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ጉዳዮቻችሁን አንድ ላይ ሰብስቡ። ጠዋት ወጥቶ መመለስ፣ ከሰዓት ወጥቶ መመለስ፣ ማታ እንደገና፣ ይሄ ሦስት ጊዜ ቀዝቃዛ ሞተር ማስነሳት ነው። በአንድ ዙር ጨርሱት። ስትወጡ መጀመሪያ ሩቁ ቦታ ሂዱ፣ ሞተሩ በመንገድ ላይ ይሞቃል፤ ቅርብ ቅርቡን በሞቀው ሞተር ስትመለሱ ትጨርሱታላችሁ።

ቆሞ ማሞቅን በተመለከተ ብዙ ክርክር አለ። እኔ የማውቀው ይሄን ነው፦ በኢንጄክሽን ለሚሠራ የዛሬ መኪና ግማሽ ደቂቃ ይበቃዋል። ከዚያ ተነሱና የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ነዳጅ ሳታበዙ፣ ዙሩን ሳታስጮሁ ንዱ። ሞተር እየተነዳ ቶሎ ይሞቃል። አስር ደቂቃ ቆሞ የሚንደቀደቅ መኪና በሊትር የሚሄደው ዜሮ ኪሎ ሜትር ነው። መስታወቱ በረዶ ከያዘ ወይም ካላሳየ ግን ሳታጸዱ አትነሱ፣ እዚህ ላይ ስለ ነዳጅ አይወራም። በሩ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ደግሞ ሞተር ማሞቅ ፈጽሞ አይሞከርም፤ ጭሱ ይገድላል።

ስለ ዘይትም አንድ ነገር። «ወፍራም ዘይት ሞተር ይጠብቃል» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። የመኪናው መጽሐፍ 5ደብሊው-30 (የዘይቱ ውፍረት ደረጃ ነው) ካለ 5ደብሊው-30 አስገቡ። ከዚያ የወፈረው በተለይ በብርድ ጠዋት ነዳጅ ያስከፍላችኋል።

የጎማ ንፋስ

አየር ሲቀዘቅዝ ግፊቱ ይወርዳል። ጎማው አልተበሳም፣ ግን ንፋሱ ጎደለ። በየ5 እና 6 ዲግሪው ቅዝቃዜ 1 ፒኤስአይ (የጎማ ንፋስ ግፊት መለኪያ) ያህል ይወርዳል ብላችሁ ያዙ። በ30 ዲግሪ ሙቀት 32 ያስሞላችሁት ጎማ፣ አየሩ ዜሮ ዲግሪ ሲገባ 27 አካባቢ ይገኛል። የጎደለ ጎማ ይተኛል፣ ሲንከባለልም ሞተሩን ያደክማል።

የሚያናድደው ነገር ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የጎማ መብራት ዝም ማለቱ ነው። በብዙ መኪኖች ላይ መብራቱ የሚበራው ንፋሱ ከተመከረው 25 በመቶ ገደማ ሲጎድል ነው። ከ32 ወደ 27 መውረድ እዚያ አይደርስም። መብራቱን አትጠብቁ፣ ቢያንስ በወር አንዴ፣ አየሩ በተለወጠ ቁጥር ደግሞ ወዲያው በራሳችሁ መለኪያ እዩ።

ሲለካ ጎማው ቀዝቃዛ ይሁን፣ መኪናው ቢያንስ ለሦስት ሰዓት የቆመ። ትክክለኛው ቁጥር በሾፌሩ በር በኩል፣ የበሩ ፍሬም ላይ ተለጥፏል። ጎማው ላይ ራሱ የተጻፈው ጎማው የሚችለው ከፍተኛ ልክ ስለሆነ በእሱ አትሙሉ። ከረጅም መንገድ ወርዳችሁ ለክታችሁ «በዛ» ብላችሁም አታስተንፍሱ። የሞቀ ጎማ ግፊቱ መጨመሩ ያለ ነው፤ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል።

ነፋስና ዝናብ

ቀዝቃዛ አየር ይከብዳል። ዜሮ ዲግሪ ላይ ያለ አየር 30 ዲግሪ ላይ ካለው 10 በመቶ ያህል የታመቀ ስለሆነ መኪናው ሰንጥቆት ለማለፍ ይለፋል። ከተማ ውስጥ አይታወቅም፣ አውራ ጎዳና ላይ ግን ይቆጠራል። ለዚህ መድኃኒቱ ፍጥነት መቀነስ፣ ባዶውን የተቀመጠ የጣሪያ ፖርቶመጋላም ማውረድ ነው። ዝናብ ሲሆን ደግሞ ጎማው ውሃውን እየገፋ ነው የሚሄደው። በዚያ ላይ መብራቱ፣ መጥረጊያው፣ የማሞቂያው ፋን ሁሉም ከዲናሞው ይቀዳል፤ ዲናሞውን የሚያዞረው ደግሞ ያው ነዳጅ ነው።

ሙቀትም ነፃ አይደለም

አየሩ ሲሞቅ ሞተሩ ደስ ይለዋል። ተሳፋሪው ነው የማይለው። ኤሲ በጣም በሞቀ ቀን፣ በተለይ በአጭር ጉዞ ላይ፣ በሊትር የምትሄዱትን ከ25 በመቶ በላይ ሊቀንስ ይችላል፤ እንደ ምድጃ የጋለ መኪና ማቀዝቀዝ ነውና ሥራው። ጥላ ፈልጋችሁ አቁሙ። ስትገቡ መስኮቶቹን ከፍታችሁ ትንሽ ንዱ፣ የጋለው አየር ይውጣ። ከዚያ ዝጉ፣ ኤሲውን ክፈቱ፣ የውስጡን አየር ብቻ እንዲያዞር አድርጉት። በዝግታ ስትነዱ መስኮት ከፍቶ መሄድ ይሻላል፤ በፍጥነት ስትነዱ ግን የተከፈተ መስኮት ነፋስ ስለሚይዝ ኤሲው ይመረጣል።

«እኔ ኤሲ አልከፍትም» የሚል ሰው ደግሞ በዝናብ ጊዜ መስታወቱ ሲያልበው የፊት መስታወት ማድረቂያውን ይጫናል። ያ ቁልፍ በብዙ መኪኖች ላይ የኤሲውን ኮምፕሬሰር አብሮ ያስነሳል። መስታወቱ ጠርቶ ሲያልቅ አጥፉት።

ነዳጁ ራሱም በአንዳንድ አገሮች በየወቅቱ ይቀያየራል። በቅዝቃዜ ወራት ሞተር ቶሎ እንዲነሳ ቶሎ የሚተን ቤንዚን ይቀርባል፣ ጉልበቱ በጥቂቱ ያንሳል። ይሄ ልዩነት ትንሽ ነው፣ በእጃችሁም አይደለም። በጠዋት መቅዳት ያተርፋል የሚለውንም ተዉት። ቤንዚን ሲሞቅ መስፋቱ እውነት ነው፣ በ10 ዲግሪ 1 በመቶ ገደማ። ግን የማደያው ታንከር መሬት ውስጥ ስለተቀበረ ከጠዋት እስከ ቀትር ሙቀቱ እምብዛም አይለወጥም።

ወቅቱ ካልሆነስ?

ወቅት ቀስ ብሎ ይመጣል። ፍጆታውም ከአየሩ ጋር ቀስ ብሎ ይሄዳል። ስለዚህ ማነጻጸር ያለባችሁ ከባለፈው ወር ሳይሆን ከባለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወቅት ጋር ነው። አየሩ ሳይለወጥ ከአንድ ታንክ ወደ ሌላው ድንገት ከወረደ ሌላ ነገር አለ።

መጀመሪያ የምጠረጥረው ቴርሞስታት ነው፤ ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚዘጋው ዕቃ። ተከፍቶ ከቀረ ሞተሩ መሞቅ ወዳለበት አይደርስም፤ ኮምፒውተሩም ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ነው ብሎ ቤንዚን ማብዛቱን ይቀጥላል። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ግማሽ ሰዓት ነድታችሁም የሙቀት ቀስቱ ወደ መሃል አይመጣም፣ ማሞቂያውም ለብ ያለ አየር ብቻ ይሰጣል። «ሞተሩ እንዳይግል» ብለው ቴርሞስታቱን አውጥተው የሚጥሉ አሉ። እባካችሁ አታስጥሉት።

ቀጥሎ የሚይዝ ፍሬን። ፍሬን ብዙም ሳትይዙ ነድታችሁ ቁሙና እጃችሁን ወደ ቸርኬዎቹ አስጠጉ፣ አትንኩ። አንዱ ከሌሎቹ ለይቶ ከጋለ እዚያ እግር ላይ ፍሬኑ አልለቀቀም። የሞተር መብራት ከበራ ደግሞ በኮምፒውተር አስነብቡት፣ ጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካው የኦክስጅን ሴንሰር ሊሆን ይችላል።

ጋራዥ ስትሄዱ መዝገባችሁን ያዙ። «ነዳጅ በዛበት» ከምትሉት «በሊትር 12 ይሄድ የነበረው በአንድ ታንክ 9 ገባ፣ አየሩም ጉዞውም አልተለወጠም» በሉት። መካኒኩ ከካንዴላ አይጀምርም።